ስለ ትምህርት ቤት ኳስ ለምን አትጽፉም?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ስገዛ ከሱቁ በር አጠገብ አነሳለሁ። ቤት ሲደርስ የስፖርቱን ገጽ መጀመሪያ የሚነጥቀኝ ባለቤቴ ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ወጥ ከተንጠባጠበበት በኋላ ነው፤ እሱንም ቢሆን አነባለሁ። አርሰናል ማንን ሊያስፈርም እንደሆነ ትጽፋላችሁ። የማንቸስተርን ሽንፈት ትጽፋላችሁ። ጁላይ ሲመጣ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ስለሚደረገው የኛው የኢትዮጵያውያን የሰሜን አሜሪካ የኳስ ውድድር ትጽፋላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ግን የኛው ልጆች እዚሁ አፍንጫችን ስር በየሃይ ስኩሉ ሜዳ ላይ ሲወድቁ ሲነሱ አንዲት መስመር ጽፋችሁ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔው ልጽፍላችሁ ነው። ጸሐፊ አይደለሁም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

ትልቁ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ክለብ ሲጫወት ነው ያደገው። አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች፣ እዚህ ክለብ ሲባል እንደ ጊዮርጊስና ቡና አይምሰላችሁ። ወላጅ እየከፈለ ልጁን የሚያስለምድበት ቡድን ነው። የእኛው በዓመት ሁለት ሺህ ዶላር አልፎ ይሄዳል። ማልያው ለብቻ ነው፣ ራቅ ያለ ቦታ ውድድር ሲኖር ሆቴሉና ቤንዚኑም ለብቻ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ፣ ቅዳሜና እሁድ ግጥሚያ። ስንት ቅዳሴ እንዳመለጠን እግዜር ይቁጠረው።

እዚያ ክለብ ውስጥ ልጄ 10 ቁጥር ነበር። መሃል ሜዳ ቆሞ ኳስ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፣ ቅጣት ምት የሚመታው እሱ ነው፣ ማዕዘን የሚያሻማውም እሱ ነው። አባቱ በልጅነቱ ለቀበሌ ተጫውቷል፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሁንም ለእንግዳ ያሳያል። "ልጄ እኮ 10 ቁጥር ነው" ይላል ሳይጠየቅ። አንዴ ለቅሶ ቤት እንኳ ብሎታል፣ እኔ ነኝ የቆነጠጥኩት።

እንግዲህ ይሄ ልጅ ባለፈው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ሆነ። ትምህርት የሚከፈተው ኦገስት መጨረሻ ስለሆነ ኳሱም ከዚያ በኋላ መስሎን ተቀምጠናል። አገር ቤት እንደዚያ ነዋ፤ መጀመሪያ ደብተር ይገዛል፣ ክፍል ይገባል፣ ከዚያ የስፖርት አስተማሪው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። ሜሪላንድ ግን የሃይ ስኩል ኳስ የፎል፣ የመጸው ወቅት፣ ስፖርት ነው፤ ወንዱም ሴቱም። ምርጫው፣ ትራይ አውት የሚሉት፣ ትምህርት ሳይከፈት ኦገስት አጋማሽ ላይ ያልቃል። ቨርጂኒያ ደግሞ በስፕሪንግ፣ በጸደይ፣ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘውን ድልድይ ስትሻገሩ ወቅቱ ይገለበጣል ማለት ነው። ይሄን የነገረችኝ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፣ እሷም የነገረችኝ ጁላይ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በወሬ መሃል፣ "ፊዚካሉን አስጨረስሽ?" ብላ።

የምን ፊዚካል? አልኩ።

ሐኪም መርምሮት የፈረመበት ቅጽ ከሌለ ልጁ ሜዳውን አይረግጥም። ሁልጊዜ የምንሄድበት ክሊኒክ ደወልኩ፤ ቀጠሮ ያለው ሴፕቴምበር ነው አለችኝ ልጅቷ። ለመንኳት። ሴፕቴምበር ነው አለች። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ከኪሴ ከፍዬ ተመረመረ፤ ዶክተሩ ያየው አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ልቡን አዳመጠ፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፣ ፈረመ። ከዚያ ኦንላይን ምዝገባ አለ። ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚነበብ፣ ስለ ሙቀት የሚነበብ፣ የሚፈረም፣ እንደገና የሚፈረም። ሁለት ሌሊት የዕረፍት ሰዓቴን በላብኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ደግሞ የእኛ ብቻ ነው። ትራይ አውቱ የተጀመረው ኦገስት 13 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 7። ፍልሰታ ከገባ ሰባተኛ ቀኑ፣ ያውም ረቡዕ። ልጄ ፍልሰታን ከትንሽነቱ ጀምሮ ይጾማል፤ የሚወደው ጾም ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተጠራሩ የሚቆርቡበት ነው። እናንተ የኦገስትን የሲልቨር ስፕሪንግ ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት አየሩ እንደ ቡና ጀበና ይተነፍሳል። "እስከ ሰባት ሰዓት እጾማለሁ" አለኝ። "አትጾምም" አልኩት። "እጾማለሁ" አለ። የንስሐ አባታችን ጋ ደወልኩ። ሳቁብኝ። "ልጅ ሜዳ ላይ እንዲዝለፈለፍ ማን አዘዘ? የጾም አብልተሽ ስደጂው፣ ውኃውን ይጠጣ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ያስቀድሳል" አሉ። ስልኩን ሰጠሁት፣ እሳቸው ራሳቸው ነገሩት። በነጋታው በሶ በማር በጥብጬለት፣ ሙዝ አስይዤው፣ የቀበና ሯጭ መስሎ ሄደ። ሦስቱንም ቀን በበሶ ነው የተወጣው። አብረውት ያሉት ልጆች ያ ቡናማ ነገር ምንድን ነው እያሉ ጠይቀውት አንዱ አስቀምሰኝ ብሎ ጠጥቶታል።

ትራይ አውቱ እንደ ክለብ አይደለም። ክለብ ውስጥ አሠልጣኙ ያውቅሃል፣ ወንድምህንም ያውቃል፣ እናትህ ብርቱካን ይዛ እንደምትመጣም ያውቃል። እዚህ ቁጥር የተጻፈበት ነገር ይለጠፍብሃል። መጀመሪያ የሩጫ ፈተና ነው፣ በሰዓት ተይዞ። ከዚያ ትንሽ ሜዳ ላይ እየተቧደኑ መጫወት። ብዙ ልጅ ነው የመጣው፤ ያውም ግማሹ ጺም ያወጣ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ከጎኑ የቆመው 18 ሊሞላው ነው፣ መኪና ነድቶ የመጣ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ውጤቱ በቁጥር ወጣ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የአንዲት አሮጊት አልጋ እያነጠፍኩ ስልኬ ነዘረ። "ማሚ፣ ጄቪ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አላወቅኩም። አባቱ ግን ወዲያው ደወለ። "ጄቪ ምንድን ነው?" አለኝ። ዋናው ቡድን ቫርሲቲ ይባላል፣ ጄቪ ከሱ ስር ያለው ነው፣ ታናናሾቹ የሚጫወቱበት ነው አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ "ሰባት ዓመት የከፈልነው ለተተኪ ነው?" አለ። ከኡበር ውስጥ ነው የሚያወራው፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ምን እንዳሰበ እንጃ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ስለሚሳሳት ነው፤ እኛም ተሳስተናል።

አንደኛ ነገር ኳሱ ራሱ ሌላ ነው። ክለብ ውስጥ ኳስ ከበረኛ ጀምሮ በአጭር በአጭር እየተቀባበሉ ይወጣል፤ አሠልጣኞቹም የሚያስተምሩት ይሄንን ነው። ሃይ ስኩል ላይ፣ በተለይ ጄቪ፣ ኳሷ መሬት የምትነካው ለአመል ነው። በአየር ትሄዳለች፣ በአየር ትመለሳለች። ቅያሬው ገደብ የለውም፤ የወጣ ልጅ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይመለሳል። በአንዳንድ የክለብ ሊጎች በአንድ አጋማሽ የወጣ በዚያው አጋማሽ አይመለስም፣ ስለዚህ ልጁ ጉልበቱን ቆጥቦ ነው የሚጫወተው። እዚህ መቆጠብ የለም። ሁልጊዜ ያልደከመ እግር ይመጣብሃል፤ ዐሥር ደቂቃ እንደ እብድ ሮጦ ወጥቶ ሌላ እብድ የሚገባበት ጨዋታ ነው። ልጄ ቆም ብሎ ዙሪያውን አይቶ፣ አንድ አብዶ ሠርቶ፣ ከዚያ ነው የሚያቀብለው። ቆም ሲል መሬት ላይ ነው የሚያገኘው ራሱን።

ሰዓቱም ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። ቫርሲቲው 80 ደቂቃ ነው፣ 40 በ40። ቦርዱ ላይ ከ40 ጀምሮ እየቀነሰ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት እያሉ ይቆጥራሉ። ባለቤቴ ይሄን ሲያይ "ቅርጫት ኳስ ነው እንዴ?" አለ። የባከነ ሰዓት ስንት ተጨመረ እያለ ከዳኛ ጋር መጨቃጨቅ የለመደ ሰው ነው፣ መጨቃጨቂያውን ወሰዱበት። ቢጫ ያየ ልጅ ደግሞ ከሜዳ ይወጣል፤ ቅያሬ ይገባለታል፣ ቆይቶ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ቢጫ ስናይ ልጁ በቀይ የተባረረ መስሎን ጉድ አፍልተናል። ሜዳው ላይ የነሱ የአሜሪካን ፉትቦል መስመርም ተሰምሯል፤ የትኛው የፍጹም ቅጣት ክልል እንደሆነ ለማወቅ እኔ ሁለት ጨዋታ ፈጅቶብኛል።

እንዲሁም ማተብ። ይሄን እናቶች አንብቡልኝ። በሃይ ስኩል ሕግ ጌጣጌጥ አድርጎ መጫወት አይፈቀድም፣ ሃይማኖታዊ የአንገት ሜዳልያ ግን እንደ ጌጥ አይቆጠርም፤ በፕላስተር ተለጥፎ ከማልያው ስር ከሆነ ይቻላል። የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ዳኛው የልጄን መስቀል አይቶ አውልቅ አለው። ልጄ ማተቡን አላወልቅም ብሎ ቆመ። የበጠሰው እንደሆነ ከእኔ ጋር እንደሚጣላ ያውቃላ። አሠልጣኙ ሮጦ መጣ፣ ዳኛውን አናገረው፣ ከሕክምና ሻንጣው ነጭ ፕላስተር አውጥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈለት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕላስተሩን እቤት ለጥፌው ነው የሚሄደው። አስቀድሜ አውቄ ቢሆን ልጄ ሃያ ልጅ ፊት እንደዚያ ባልቆመ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። 10 ቁጥሩ ሌላ ልጅ ለብሶታል፤ ዐሥረኛ ክፍል ነው፣ ጠንካራ ነው። ልጄን ቀኝ ተከላካይ አደረጉት። በሦስተኛው ጨዋታ ደግሞ ቤንች። ያ ቀን ሴፕቴምበር 11 ነበር፣ መስከረም 1። ዶሮዬን ሠርቼ፣ ቤቱን ቄጠማ ባላገኝለትም አበባ አድርጌ፣ ጨዋታውን አይተን ተመልሰን እንበላለን ብለን ነው የሄድነው። የገባው ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። አባቱ ከመቀመጫው ተነስቶ "ኳሷን መሬት አውርዷት እንጂ! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ!" እያለ በአማርኛ ይጮኻል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አማርኛ የሚሰማው አንድ ልጅ ነው፣ እሱም የኔው ልጅ ነው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን እያሰረ አሥሬ ይፈታዋል። የታሰረውን ጫማ። እኔ ያንን ነው ያየሁት፣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። እቤት ዶሮው ቀረበ። ልጁ "ማሚ፣ ዳዲ እንዳይመጣ ንገሪው" አለኝ በጆሮዬ። አባቱ ጓዳ ሆኖ ሰምቶታል። እንቁጣጣሽን እንደዚያ ነው ያሳለፍነው።

ሌሊቱን ባለቤቴ ለአሠልጣኙ ኢሜይል ጻፈ። ልጃችን ሰባት ዓመት ክለብ እንደተጫወተ፣ 10 ቁጥር እንደሆነ፣ ተከላካይ እንዳልሆነ፣ አሠልጣኙ የታሪክ መምህር እንጂ የኳስ ሰው እንዳልሆነ። ሳይልከው ያዝኩት፤ እግዜር ይስጠው እንግሊዝኛውን ላርምለት ብሎ ነው ያሳየኝ። በወላጆች ስብሰባ ቀን ሰውዬው በግልጽ ተናግሯል፦ ልጁ ለምን ብዙ አልተሰለፈም ብሎ ወላጅ አይጻፍልኝ፣ ልጁ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ብሏል። ባለቤቴ ስብሰባው ላይ አልነበረም፣ ሥራ ላይ ነበር። እኛ ደግሞ ልጅ አስተማሪን ፊት ለፊት "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅበት ቤት አላደግንም። አስተማሪ ሲመጣ መንገድ እንለቅ ነበር። ልጄም ከእኛ ወርሶ ነው መሰል ዓይን አፋር ነው።

ግን ሄደ። ሰኞ ከልምምድ በፊት "ኮች፣ ምን ላሻሽል?" ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ሁለት ነገር ነገረው። ኳስ ብዙ ትይዛለህ አለው። ስትነጠቅ ደግሞ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ትቆማለህ፣ አትመለስም አለው። ልጁ ይሄን እራት ላይ ሲነግረን አባቱ ማንኪያውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና "ይሄንንማ እኔም አይቼዋለሁ" አለ። ሰባት ዓመት ሲያይ ምነው ዝም አለ? አልጠየቅኩትም። ኢሜይሉ ጠፋ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

አሁን ስለ ክለቡና ስለ ትምህርት ቤቱ ጸብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በየካፌው የሚወራው ግማሹ ተረት ነው። አባቶች ቁጭ ብለው የሚያወሩት ጌዲዮን ዘላለምን ነው። እውነት ነው፤ በርሊን የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ እዚሁ እኛ ካውንቲ ለኦልኒ ሬንጀርስ ሲጫወት ታይቶ በ2013 አርሰናል ገብቷል። ልጆቹ ሳይወለዱ ወይም ዳይፐር ላይ እያሉ የሆነ ነገር ነው፣ አሁንም ድረስ ማኪያቶ ይጠጣበታል። ከዚያ ተነስተው "ክለቡ ትምህርት ቤት እንዳይጫወት ከከለከለው ጥሩ ክለብ ነው ማለት ነው" ይላሉ። ክልከላው እውነት ነው። የአሜሪካ ፌዴሬሽን በ2007 ያቋቋመው ዴቨሎፕመንት አካዳሚ የሚባል የወጣቶች ሊግ ከ2012 ጀምሮ ልጆቹን ለትምህርት ቤት እንዳይጫወቱ አግዶ ነበር፤ እሱ ራሱ በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ፈረሰ። በቦታው የመጣው ኤም.ኤል.ኤስ ኔክስትም በላይኛው ክፍሉ በአብዛኛው አይፈቅድም። ኢ.ሲ.ኤን.ኤል የሚባለው ሌላው ትልቁ ሊግ ግን ይፈቅዳል። እዚያ ያሉትም ልጆች ደካማ አይደሉም። የእኛ ልጅ ክለብ ከሁለቱም በታች ስለሆነ የሚከለክለን የለም፤ ክለቡ ሳይከለክለው አባቱ ሊከለክለው ነበር።

ስኮላርሺፑም እንደዚሁ። የኮሌጅ አሠልጣኞች በአብዛኛው ልጅ የሚያዩት የክለብ ውድድር ላይ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ ስለዚህ ኮሌጅ ድረስ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ክለቡን ይተው አልልም። ግን ለብዙ ዓመት አንድ የዲቪዥን አንድ፣ ማለት የኮሌጅ ኳስ ከፍተኛው ደረጃ፣ የወንዶች ቡድን የነበረው ሙሉ ስኮላርሺፕ 9.9 ብቻ ነበር፤ እሱን ነው ለሃያ ምናምን ልጅ የሚሸነሽኑት። በ2025 ሕጉ ተለውጧል፣ ገንዘቡ ግን ከሰማይ አይወርድም። ዲቪዥን ሦስት ደግሞ ለኳስ ብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ለክለብ የከፈልነውን ብናስቀምጠው ለኮሌጅ መጀመሪያው ዓመት ይሆነን ነበር ብዬ ለባለቤቴ አንድ ቀን አስልቼ አሳየሁት። ካልኩሌተሩን ነጠቀኝ።

በነገራችን ላይ ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ከ2017 ጀምሮ የክለብ ዕድሜ የሚቆጠረው በጃንዋሪ ስለሆነ በፎል የተወለዱ ልጆች ከነሱ በአንድ ክፍል ከሚበልጡ ጋር ነው የሚጫወቱት። ፎል ሲመጣ ጓደኞቻቸው ሃይ ስኩል ይሄዳሉ፣ ክለቡ ይዘጋል፣ ልጅቷ ቡድን አልባ ሆና ትቀራለች። የጎረቤቴ ልጅ እንደዚያ ሆና ሦስት ወር ሙሉ ጋራዥ በር ላይ ስትመታ ነበር፤ በሩን አይታችሁታል? አላያችሁትም። ከ2026–27 ጀምሮ በአብዛኞቹ ሊጎች ቆጠራው ወደ ኦገስት 1 ይዞራል፣ ያኔ ይቀላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለማንኛውም ወደ ልጄ ልመለስ። ኦክቶበር ላይ ነገሩ ተለወጠ። ቀስ በቀስ ነው፣ አንድ ቀን አይደለም። አጠገቡ የሚጫወተው የመሃል ተከላካይ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነው፤ ክለብ ከፍሎ ተጫውቶ አያውቅም፣ ኳስ የተማረው እሁድ እሁድ ከአጎቶቹ ጋር ፓርክ ውስጥ ነው። ይሄ ልጅ ነው ለልጄ ጀርባውን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ሰው ሲመጣበት ትከሻውን እንዴት እንደሚያስገባ ያሳየው። ሁለቱ አሁን አይለያዩም። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥቶ ሽሮ በላ፣ የሱ እናት ደግሞ ፑፑሳ ላከችልኝ። ክለብ ውስጥ ሰባት ዓመት አብረን የተቀመጥን ወላጆች ነበሩ፣ አንዳችን የአንዳችንን ቤት በር አናውቅም፤ ሁላችንም ከሠላሳ ማይል ነበር የምንመጣው፣ ግጥሚያው ሲያልቅ በየመኪናችን ነው።

ትምህርቱም ላይ ነገር አለው። እኛ ካውንቲ ውስጥ ለመጫወት አማካዩ 2.0 መሆን አለበት፣ ከአንድ በላይ ኢ፣ የመውደቂያ ውጤት፣ ማምጣትም አይቻልም። ልጄ ከዚያ በላይ ነው፣ ተመስገን፣ ግን ኬሚስትሪ ላይ የሚንገዳገድ ጓደኛውን አውቶቡስ ውስጥ ሲያስጠናው እንደነበር የነገረችኝ የዚያ ልጅ እናት ናት። ኮሪደር ላይ ደግሞ የቫርሲቲ ልጆች ስሙን ጠርተው ሰላም ይሉታል። ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ትምህርት ቤት የቀየረ ሰው ይገባዋል።

ባለቤቴም ተመልሷል፣ በስምምነት። ከጎል ጀርባ ባለው አጥር ይቆማል እንጂ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፣ አፉን በቡና ኩባያ ይዘጋል። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ልጁ ከቀኝ በኩል ሮጦ ሄዶ፣ ኳሷን አቀብሎ፣ ተነጥቀው ደግሞ እንደ ጉድ ተመልሶ ሲያስጥል አየሁት። ማንም አላጨበጨበለትም፤ ጎል አይደለማ። አባቱ ግን ኩባያውን አጥሩ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ሲያጨበጭብ ነበር።

አሁን ለምን እንደጻፍኩላችሁ ልንገራችሁ። ሴፕቴምበር ላይ ልጄ የቡድኑን ማልያ ለብሶ ኮሪደር ላይ ሲሄድ አንድ ልጅ በአማርኛ ጠራው። በጸደይ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው፣ አክስቱ ጋ ነው የሚኖረው። "የት ነው የሚመዘገበው?" አለው። ልጄ አለቀ አለው። "መቼ?" አለ። ትምህርት ሳይከፈት አለው። ልጁ ሳቀ፣ የቀለደበት መስሎት። በኋላ እሁድ ፓርክ ውስጥ ከትልልቆቹ ጋር ሲጫወት ባለቤቴ አየው። ቤት መጥቶ "የኛ ልጅ ጥሩ ነው፣ ያ ልጅ ግን ተጫዋች ነው" አለኝ። ባለቤቴ እንዲህ ሲል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ወደ አክስቱ ቤት፣ ከአክስቱ ቤት ወደ ትምህርት ቤት። እንግሊዝኛው ገና ነው፣ ጓደኛ የለውም፣ ቀኑን የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ። አክስቱ ደግሞ ጋዜጣችሁን ታነባለች፣ ከእኔ ጋር አንድ ሱቅ ነው እንጀራ የምንገዛው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከጁላዩ ውድድር ወሬ ጎን፣ አንድ ትንሽ ሳጥን ስጡን። ሜሪላንድ ትራይ አውት መቼ ይጀመራል፣ ፊዚካል ቅጹ ከየት ይገኛል፣ ምዝገባው እስከ መቼ ነው። ለቨርጂኒያዎቹ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ። ማተቡንም ጨምሩበት። ቀኖቹን ከየትምህርት ቤቱ ሰብስቤ በአማርኛ ጽፌ እኔ አመጣላችኋለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም፤ የአርሰናሉን ዜና አንድ አንቀጽ ብታሳጥሩት ቦታው ይበቃል። ባለቤቴ እንዳይሰማ።

አክባሪያችሁ፣
የጄቪ ቀኝ ተከላካይ እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ